ማሽኑ ሲቀል ሸክሙ ወዴት ይሄዳል?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን የኦንላይን ስልጠና አስጀመረ። ስልጠናው ፕሮግራሚንግን፣ ዳታ ሳይንስን፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራንና ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ከመሠረቱ ያስተምራል፤ በነጻ ነው፤ ለጨረሰም የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ከዚያ አንድ ዓመት ከምናምን ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 2015፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ቀርቶ ክፍያው በስልክ እንዲሆን ታዝዞ ነበር። ለነዳጁ ኮድ መጻፍ አይጠየቅም፤ የሚስጥር ቁጥር ማስታወስና የታዘዙትን መጫን ይበቃል።

ሁለቱን ውሳኔዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ለአንድ የቆየ ጥያቄ የተሰጡ ሁለት መልሶች ይመስሉኛል። በኮምፒውተር መገልገል የፈለገ፣ ወይም ሳይፈልግ የተገደደ ሰው፣ ስለ ማሽኑ ምን ያህል ማወቅ አለበት? አንደኛው መልስ «ይማር» ነው። ሌላኛው «ምን አደከመው፣ ይጫንና ይሂድ» ነው።

በእኔ እምነት ሁለቱም ጎዶሎ ናቸው። ተራው ሰው ገንዘብ ለመላክ፣ ፓስፖርት ለማደስ ወይም ለልጁ ደብዳቤ ለመጻፍ የቴክኒክ ሊቅ መሆን የለበትም፤ በዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። የሚያከራክረው ከዚያ የሚቀጥለው ነው። አንድ ማሽን ሲቀል ድሮ ተጠቃሚው ያውቀው የነበረው ነገር የትም አይጠፋም፤ ከእሱ እጅ ወጥቶ ሌላ ሰው እጅ ይገባል። ያ ሰው እውቀቱን ሲወስድ ኃላፊነቱንም አብሮ ወስዷል? ብዙውን ጊዜ አልወሰደም። ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ለአማርኛ ጸሐፊ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ በገዛ ፊደላችን ደርሶብናል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ኮምፒውተር በየቢሮው መግባት ሲጀምር አንድ ፎንት የሚይዘው ቦታ 256 ብቻ ነበር። ከዚያም ላይ ብዙው በላቲን ሆሄያት፣ በቁጥሮችና በማሽኑ ትእዛዞች ተይዟል። የእኛ ፊደል ደግሞ ከነዲቃላዎቹ፣ ከነአኃዞቹና ከነሥርዓተ ነጥቦቹ ከ300 ያልፋል። የአማርኛ ሶፍትዌር የሠሩ ባለሙያዎች የቻሉትን አደረጉ። አንዱ ፊደሉን ለሁለት ለሦስት ፎንት አካፈለው፤ ሌላው የሆሄውን ገላ ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ አስቀምጦ እንዲገጣጠም አደረገ። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ብራና፣ አጋፋሪ፣ ዋሽራ፤ ሁሉም የየራሳቸው አቀማመጥ ነበራቸው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም። በአንድ መሥሪያ ቤት የተተየበ ደብዳቤ በፍሎፒ ዲስክ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲደርስ፣ ያው ፎንት እዚያ ካልተጫነ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነበር።

ስለዚህ የዚያ ዘመን የቢሮ ጸሐፊ አማርኛ ማወቋና በፍጥነት መተየቧ ብቻ አይበቃም ነበር። ደብዳቤው በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ፣ ስንተኛው እትም እንደሆነ፣ ፎንት እንዴት እንደሚጫን፣ የትኛው ቁልፍ ከየትኛው ጋር ሲመታ «ሟ» እንደሚወጣ ማወቅ ነበረባት። ይህን የሚያውቅ ሰው በየቢሮው ይከበር ነበር፤ «ኮምፒውተር ይችላል» ይባልለታል። ግን ምን ነበር የሚያውቀው? ስለ ኮምፒውተር አሠራር ጥልቅ ነገር አልነበረም። የሚያውቀው የማሽኑን ጉድለት ነው፤ ጉድለቱን በራሱ ጉልበትና ጊዜ መሸፈን ለምዶ ነበር። ከተራው ሰው «የቴክኒክ እውቀት» ተብሎ ከሚጠየቀው ውስጥ ብዙው እንዲህ ዓይነቱ ነው፤ ማሽኑ ሲስተካከል ዋጋ ቢስ የሚሆን እውቀት።

ደግሞም ተስተካከለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ስምምነት ሦስተኛ እትሙን ሲያወጣ የኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቋሚ ቦታ አገኘ። ከዚያ በፊት በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያንና አብረዋቸው የሠሩ ሰዎች የትኛው ሆሄ ይግባ፣ በየትኛው ቅደም ተከተል ይቀመጥ እያሉ ለዓመታት ተከራክረውበታል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ዊንዶውስ ቪስታን ሲያወጣ «ኒያላ» የተባለ የግዕዝ ፎንት አብሮት መጣ። ዛሬ በቴሌግራም «እንደምን አደርክ» ብላ የምትጽፍ እናት ዩኒኮድ የሚባል ነገር መኖሩን አታውቅም፤ ማወቅም የለባትም። ድሮ የቢሮ ጸሐፊዋ ትሸከመው የነበረውን ዛሬ የደረጃ ሰነድና ስልኩን የሠራው ድርጅት ተሸክመውታል። የማሽን መቅለል ሲሳካ ይህን ይመስላል።

ሙሉ በሙሉ አልተሳካም እንጂ። ዛሬም በአንዳንድ ማተሚያ ቤቶችና ቢሮዎች ጽሑፍ በፓወር ግዕዝ ይተየባል፤ ወደ ድረ ገጽ ወይም ወደ ስልክ ሲገለበጥ ያው የድሮው ዝብርቅርቅ ይወጣል። የግዕዝ ቁልፍ ሰሌዳ ያላገኘ ወይም የከበደው ወጣት ደግሞ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋል። ይህን ስንፍና ብለው የሚቆጡ አሉ። ለእኔ የማሽኑ ጉድለት ዛሬም በሰው ትከሻ ላይ መኖሩን ነው የሚያሳየኝ።

በውጭው ዓለም የተደረገውን ረጅም ጉዞ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1981 አይቢኤም ፒሲ ሲወጣ ሰው ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ በቃሉ እያስታወሰ ይተይብ ነበር። በ1984 ማኪንቶሽ በመዳፊትና በሥዕል የሚሠራ ኮምፒውተር ለሰፊው ሕዝብ ይዞ መጣ፤ ሐሳቡን ዜሮክስ በፓሎ አልቶ ማዕከሉ ቀደም ብሎ ሞክሮት ነበር። ከዚያ ዊንዶውስ 95፣ ከዚያ በ2007 አይፎን። በየደረጃው «ይህ ለሰነፎች ነው፤ እውነተኛ ኮምፒውተር እንዲህ አይደለም» የሚሉ አዋቂዎች ነበሩ፤ በየደረጃውም ተሸነፉ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው አንድ አነስተኛ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 አልማ ዊተን እና ጄ. ዲ. ታይጋር የተባሉ ተመራማሪዎች ኢሜይል የሚያውቁ 12 ሰዎችን ሰብስበው አንድ ሥራ ሰጧቸው። ሥራው ፒጂፒ በተባለ ፕሮግራም መልእክትን መመስጠርና መፈረም ነበር። ፕሮግራሙ በጊዜው በአጠቃቀሙ ጥሩ ተብሎ የተመሰገነ ነው፤ የተሰጣቸውም 90 ደቂቃ ነው። በትክክል መስጥረውና ፈርመው መላክ የቻሉት ሲሶዎቹ ብቻ ነበሩ። ሦስቱ እንዲያውም ሊደብቁት የነበረውን ሚስጥር ሳይመሰጠር በግልጽ ላኩት። የተመራማሪዎቹ መደምደሚያ ሰዎቹ አላዋቂ ናቸው የሚል አልነበረም። ችግሩ የፕሮግራሙ አሠራር ለአብዛኛው ሰው የማይገባ መሆኑ ነው አሉ እንጂ።

ከ17 ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ.፣ ዋትሳፕ ከቢሊዮን በላይ ለሆኑ ተጠቃሚዎቹ የሚልኩትን ሁሉ ከላኪ እስከ ተቀባይ እንዲመሰጠር አደረገ። ማንም ምንም አልተማረም፤ የተጫነ ቁልፍም የለም። ከጅዳ ወይም ከቤይሩት ለእናቷ የድምፅ መልእክት የምትልክ ልጅ፣ ከእነዚያ 12 ሰዎች አብዛኞቹን በ90 ደቂቃ ያቃታቸውን ነገር ሳታውቀው በየቀኑ ታደርገዋለች። «ይማር» ለሚሉት ከዚህ የበለጠ መልስ የለም። ሕዝቡን ሁሉ ምስጢር አጻጻፍ ለማስተማር ቢሞከር መቶ ዓመት አይበቃም ነበር።

ግን ታሪኩን እዚህ ላይ አቁሞ ማጨብጨብ ቀላል ነው፤ ነገሩ ሌላ ፊት አለው። የልጅቱ መልእክት ሲላክ ይመሰጠራል፤ በኢንተርኔት መጋዘን የሚቀመጠው ቅጂ ግን ለረጅም ጊዜ በዚያው ጥበቃ ሥር አልነበረም። ዋትሳፕ ቅጂውን መመስጠር የሚያስችል አማራጭ ያቀረበው በ2021 ነው፤ እሱም ፈልጎ ላበራው ሰው ነው። ቴሌግራምን ደግሞ እንውሰድ፤ እኛ ዘንድ ዜናውም፣ ገበያውም፣ የዕድር ማስታወቂያውም እዚያ ነው። ብዙ ሰው ምስጢር የሚጠብቅ ይመስለዋል። ይሁንና የቴሌግራም ተራ ውይይት ከላኪ እስከ ተቀባይ አይመሰጠርም፤ ድርጅቱ ራሱ ሊከፍተው በሚችለው መልክ በሰርቨሮቹ ላይ ይቀመጣል። የሚመሰጠረው «ሚስጥራዊ ውይይት» የተባለው ለብቻው የሚከፈት ክፍል ነው። ሁለቱ መተግበሪያዎች ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ያው መጻፊያ፣ ያው መላኪያ ምልክት። ለጋዜጠኛ፣ ለጠበቃ፣ ከባሏ ሸሽታ ለምትኖር ሴት ግን በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ ግን ይህን አይናገርም፤ ሲቀል ማስጠንቀቂያውም አብሮ ቀርቷል።

የይለፍ ቃል ነገርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 ቢል በር የተባለ የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ባለሙያ አንድ መመሪያ ጻፈ። የይለፍ ቃል ትልቅና ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ይቀላቀልበት፣ በየጊዜውም ይለወጥ የሚል ነው። ዓለም ሁሉ ተቀበለው። ሰዎች የማይታወሰውን ቃል ለማስታወስ ወረቀት ላይ ጽፈው ስክሪን ላይ ለጠፉት፤ ወይም በየሦስት ወሩ መጨረሻው ላይ አንድ ቁጥር እየጨመሩ አለፉት። በ2017 ተቋሙ መመሪያውን ከለሰ፤ በር ራሱም ያኔ ካዘዘው ብዙው እንደሚጸጽተው ለጋዜጣ ተናገረ። 14 ዓመት ሙሉ «የይለፍ ቃል አያያዝ የማያውቅ» እየተባለ የተወቀሰው ተጠቃሚ ነበር።

እስካሁን ያልኩት ማሽን ሰውን ሲያስቸግር ነው። ከዚህ የሚብሰው ማሽን ሰውን ሲከስ ነው።

የብሪታንያ ፖስታ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በየመንደሩ ባሉ ቅርንጫፎቹ «ሆራይዘን» የተባለ የሒሳብ ሥርዓት አስገባ፤ የፉጂትሱ ኩባንያ ሥራ ነው። ቅርንጫፎቹን የሚያስተዳድሩት ብዙዎቹ ሱቅ ያላቸው ተራ ሰዎች ናቸው፤ ጡረታ ይከፍላሉ፣ ቴምብር ይሸጣሉ፣ ማታ ሒሳብ ይዘጋሉ። ሥርዓቱ ከገባ በኋላ ሒሳባቸው ላይ ምንጩ ያልታወቀ ጉድለት ይታይ ጀመር። በውላቸው መሠረት ጉድለቱን ከኪሳቸው መሙላት አለባቸው። ወደ እርዳታ መስመሩ ሲደውሉ ለብዙዎቹ የተሰጣቸው መልስ «ይህ ችግር ያጋጠመው አንተን ብቻ ነው» የሚል ነበር። ከዚያ ክስ መጣ። እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና ሐሰተኛ ሒሳብ በማቅረብ ተፈረደባቸው። የታሰሩ፣ ቤታቸውን የሸጡ፣ ትዳራቸው የፈረሰ፣ ራሳቸውን ያጠፉ አሉ። በእንግሊዝ ሕግ ደግሞ፣ ተቃራኒ ማስረጃ ካልቀረበ በስተቀር፣ ኮምፒውተር በትክክል ሠርቷል ተብሎ ይገመታል። ተቃራኒውን ማስረጃ ከየት ያምጡት? የሥርዓቱ መዝገብ በፖስታ ቤቱና በፉጂትሱ እጅ ነው።

አላን ቤትስ የተባለ የቀድሞ የቅርንጫፍ ኃላፊ ሌሎቹን አስተባብሮ ለዓመታት ተሟገተ። በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሥርዓቱ ለእነዚያ ጉድለቶች ምክንያት ሊሆኑ የሚችሉ ስሕተቶች እንደነበሩበት ፈረደ። ቢሆንም ጅምላ ስረዛው የመጣው በ2024 መጀመሪያ ላይ ታሪኩ በቴሌቪዥን ድራማ ቀርቦ አገር ከተቆጣ በኋላ ነው፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ፓርላማው ፍርዶቹን በአዋጅ ሰረዘ።

እነዚህን ሰዎች የትኛው የኮምፒውተር ስልጠና ያድናቸው ነበር? ሁሉም ፕሮግራመሮች ቢሆኑ እንኳ የሥርዓቱን ውስጥ የማየት መብት አልነበራቸውም። ቀላል ስክሪን ተሰጥቷቸው ነበር፤ ይጫኑታል፣ ድምር ይወጣል። ያጡት መዝገቡን የማየት መብትና «ማሽኑ ተሳስቷል» ሲሉ የሚሰማቸው ሰው ነው። «ይጫንና ይሂድ» የሚለው መልስ የሚያደርሰው እዚህ ነው፤ እንዳታውቅ ተደርገህ ባለማወቅህ ትጠየቃለህ።

ወደ አገራችን ስንመለስ በማሽኑና በሰው መካከል ሁልጊዜ አንድ ሦስተኛ ሰው እናገኛለን። በፍርድ ቤት ደጅ ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰው የቆየ ተቋማችን ነው። ኢንተርኔት ሲመጣ ቦታውን የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ወረሰው። ለዚህ ከዲቪ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

የአሜሪካ የዲቪ ሎተሪ ማመልከቻ እ.ኤ.አ. እስከ 2002 በፖስታ ይላክ ነበር። ለዲቪ 2005 ማመልከት በተጀመረበት በኅዳር 2003 እ.ኤ.አ. ወረቀት ቀረ፤ ሁሉም በኢንተርኔት ብቻ ሆነ። ለአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነገሩ ቀለለ። ኢሜይል ለሌለው፣ እንግሊዝኛው ለሚያዳግተው የደሴ ወይም የነቀምቴ ወጣት ግን ማመልከት ማለት ፎቶ ቤትና ኢንተርኔት ቤት ሄዶ ለሚሞላለት ሰው መክፈል ሆነ። ፎርሙ ሲሞላ አንድ የማረጋገጫ ቁጥር ይወጣል። በ2011 ደግሞ ሚኒስቴሩ ለደረሳቸው ሰዎች ደብዳቤ መላኩን አቆመ፤ ውጤት የሚታየው በዚያ ቁጥር ብቻ ሆነ። ቁጥሩ በአመልካቹ እጅ ካልሆነ ዕድሉም በእጁ አይደለም። አንዳንዱ ፎርም የሚሞላ ሰው ቁጥሩን አስቀርቶ ሲደርስ ገንዘብ ይጠይቅበት ነበር፤ ሚኒስቴሩም ቁጥራችሁን ራሳችሁ ያዙ እያለ አመልካቾችን ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው በእንግሊዝኛ በተሠራ ድረ ገጽ ላይ ነው።

በዚያው በ2011 ሌላም ነገር ሆነ። ወደ 22,000 የሚጠጉ ሰዎች ከመላው ዓለም «ደርሷችኋል» ተባሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ውጤቱ ተሰረዘ። የመምረጫ ፕሮግራሙ ስሕተት ስለነበረበት ዕጣው በእኩል ዕድል አልወጣም፤ ከ90 በመቶ በላይ የተመረጡት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ካመለከቱት ነበር። በሐምሌ 2011 እ.ኤ.አ. ዕጣው እንደገና ወጣ። ሰዎቹ ሁሉን በሥርዓቱ አድርገዋል፤ የተሳሳተው ፕሮግራሙ ነው፤ የከሰሩት እነሱ ናቸው። ቢያንስ ግን ምክንያቱ በግልጽ ተነግሯቸዋል።

የዛሬው ሦስተኛ ሰው የሞባይል ቤቱ ልጅ፣ የነዳጅ ማደያው ሠራተኛ ወይም ቤት ያለ የ13 ዓመት ልጅ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር በአምስት ቋንቋ ነው የመጣው፤ ስማርት ስልክ ለሌለውም *127# አለ፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ተመዝግቧል። ነገር ግን ሜኑውን አንብቦ መከተል ለማይችል ሰው ቅለቱ አልደረሰውም፤ የደረሰው የሚያምነውን ሰው መፈለግ ነው። የሚስጥር ቁጥሩን ሰው ፊት ጮክ ብሎ የሚናገር አባት ሁላችንም አይተናል። «ከባንክ ነው የምንደውለው፤ የተላከልህን ኮድ ንገረን» የሚሉት አጭበርባሪዎች የሚተማመኑት በዚህ ልማድ ላይ ነው። ሰውየው ኮዱን መስጠት ለምዷል፤ ማን እየተቀበለው እንደሆነ መለየት ብቻ ነው የቀረው።

«ኮዱን ለማንም አትስጡ» የሚለው ማስታወቂያ በየቀኑ ይሰማል። ማስታወቂያው ትክክል ነው፤ ግን ሥራውን ሁሉ ለተጠቃሚው ትቶ ይሄዳል። በብሪታንያ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌላ መንገድ ተይዟል። ተታሎ በገዛ እጁ ገንዘብ ለአጭበርባሪ ያስተላለፈ ደንበኛ፣ ከባድ ቸልተኝነት ካልታየበት በቀር፣ እስከ 85,000 ፓውንድ ይመለስለታል። ወጪውን የላከው ባንክና የተቀበለው ባንክ እኩል ይካፈሉታል። ሕጉን ሳስብ የሚማርከኝ ርኅራኄው አይደለም፤ ባንኩ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው። ኪሳራው የራሱ ሲሆን ባንክ አጠራጣሪ ዝውውርን ማዘግየት፣ የተቀባዩን ስም አጉልቶ ማሳየት፣ ትናንት የተከፈተ ሒሳብ ላይ መጠየቅ ይጀምራል። እውቀቱ ያለው እሱ ዘንድ ነው፤ ሕጉ እንዲሠራበት አስገደደው።

እኛ ዘንድ የባንኮች አቅም ምን ያህል እንደሆነ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አይተናል። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ብልሽት፣ ብዙ ደንበኞች፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ላይ ወጪ አደረጉ ወይም አስተላለፉ። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው አለ። በጥቂት ሳምንታት አብዛኛውን አስመለሰ፤ ያልመለሱትንም በስምና በፎቶ ለጠፈ። የሌለህን ገንዘብ መውሰድ ትክክል ነው እያልኩ አይደለም። ግን እያንዳንዷ ዝውውር ከማን ወደ ማን እንደሄደች በዚያ ፍጥነት ማወቅ ይቻል ነበር ማለት ነው። ደንበኛው ተቆርጦ ያልደረሰ ገንዘቡን ሊጠይቅ ሲሄድ ግን በየባንኩ መስኮት የሚሰማው «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ» ነው።

«ይማር» ከሚሉት ወገን አንድ ከባድ ክርክር አለ፤ በቸልታ ላልፈው አልፈልግም። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የነጻ ሶፍትዌር እንቅስቃሴን ሲጀምር የተነሳው ከዚህ ነው። የፕሮግራሙን ውስጥ ማየትና መለወጥ የማይችል ሰው ፕሮግራሙን አያዝዘውም፤ ፕሮግራሙ ያዝዘዋል። ቅለቱም ራሱ ያደነዝዛል። የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ያስተዋሉትን አንድ ነገር እ.ኤ.አ. በ2021 ተናገሩ። በስልክ ያደጉ የሳይንስ ተማሪዎቻቸው ፋይል «የት» እንደተቀመጠ ሲጠየቁ ጥያቄው ራሱ አይገባቸውም፤ ማህደር የሚባል ነገር በአእምሯቸው የለም። ስልኩ ሁሉን ይፈልግላቸዋል።

ክርክሩ ለማኅበረሰብ እውነት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ግን አይደለም። አገር ፕሮግራም ከፍተው ማየት የሚችሉ፣ የውጭ ድርጅት የሸጠለትን ሥርዓት መርምረው «እዚህ ላይ ስሕተት አለው» የሚሉ ሰዎች ያስፈልጉታል። ከ5 ሚሊዮን ሰልጣኞች ውስጥ ጥቂት ሺሕ እንዲህ ያሉ ቢገኙ መርሐ ግብሩ ወጪውን ይመልሳል። የምስክር ወረቀት ቁጥር ግን ይህን አይለካም። ተራው ዜጋ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ስላልተማረ ጎደለ ብዬም አላምንም። እሱ ሊያውቅ የሚገባው የማሽኑን ውስጥ ሳይሆን ማሽኑ በእሱ ላይ የሚያደርገውን ነው፤ ገንዘቡ ማን ዘንድ እንደሄደ፣ መልእክቱን ማን ማየት እንደሚችል፣ የተደረገው ሊመለስ ይችል እንደሆነ፣ ሲበላሽ ወዴት እንደሚኬድ። ይህን በክፍል ውስጥ ማስተማር አይቻልም፤ በየመተግበሪያው ይለያያል። ማሽኑ ራሱ በሚገባ ቋንቋ መናገር አለበት። ከባንክ የሚመጣ አጭር መልእክት ለአርሶ አደር በእንግሊዝኛ «ዲቢትድ» ብሎ ከመጣ ግን እንዳልተነገረው ይቆጠራል።

ሕጎች የሉም ማለት አይደለም። ብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አለው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ፈተናቸው በቅርቡ ፋይዳ በተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ላይ ይመጣል ብዬ እገምታለሁ። ለባንክ ሒሳብ፣ ለፓስፖርት፣ ለልዩ ልዩ አገልግሎት አንድ መታወቂያ መጠየቁ እየሰፋ ነው፤ መታወቂያውም በጣት አሻራ፣ በዓይን ብሌንና በፊት ላይ የቆመ ነው። ህንድ በዚሁ መንገድ ቀድማናለች። ከቢሊዮን በላይ ሰዎች አድሃር የተባለውን የመታወቂያ ቁጥር ሲይዙ፣ እንደ ጃርካንድ ባሉ ግዛቶች ጣታቸው በጉልበት ሥራ ወይም በዕድሜ ያለቀ ሰዎች አሻራቸው አልነበብ እያለ የወር ራሽናቸውን ተከልክለው ተመልሰዋል። አሻራ ላልሠራለት ሰው ሌላ መንገድ እንዲኖር ደንቡ ይፈቅድ ነበር፤ የራሽን ሱቁ ሰው ግን ደንቡን አያውቅም፣ ቢያውቅም የሚጠይቀው የለም።

እኛ አገር በድንጋይ ሥራ፣ በእርሻና በጨርቃ ጨርቅ ጣቱ ያለቀ ሰው ጥቂት አይደለም። ማሽኑ «አላወቅሁህም» ሲለው ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሠራተኛ በሌላ መንገድ አረጋግጦ የማስተናገድ ሥልጣን ይኑረው። እምቢ ካለ ደግሞ ሰውየው በዚያው ቀን ማን ዘንድ እንደሚሄድ በግድግዳው ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በአካባቢው ቋንቋ ይለጠፍ። ይህ ከባድ ቴክኖሎጂ አይደለም፤ አንድ ገጽ መመሪያ ነው፤ መጻፍ ያለበትም መስኮቶቹ ሁሉ በፋይዳ ከመሥራታቸው በፊት ነው።